ከአንገት እስከ ወገብ

እትዬ ሜትር አራት ቋንቋ ትናገራለች፤ አራቱንም ከአንገት እስከ ወገብ ብቻ። ከአንገት በላይ ያለውን፣ ጭንቅላት ውስጥ የሚብላላውን ሁሉ፣ ከራሷ ቋንቋ በቀር በአንዱም አታውቀውም። ከወገብ በታች ያለውንም ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚወርድ ትሞካክረዋለች እንጂ አትተማመንበትም። ልብስ ሰፊ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ስትኖር ስሟ በዚያው ጠፍቶ ሜትር ሆና ቀረች። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ባሏ እንኳ፣ በሠርጋቸው ቀን በስሟ የጠራት ሰውዬ፣ ዛሬ "ሜትር፣ ሻይ የለም እንዴ?" ነው የሚላት።

ሰፈሩ ፋብሪካው የሰበሰበው ሰፈር ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ሥራ አለ ሲባል የሰማ ሁሉ ነቅሎ መጣ፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከቆላ፣ ከድንበር ወዲያ። ሁሉም ቋንቋውን ሸክፎ ገባ፤ የጎረቤቱን ቋንቋ ነገ እማራለሁ እያለም ልጅ ወልዶ ልጅ ዳረ። ወንዶቹ በሥራና በመጠጥ ቤት የቢሮውን ቋንቋ ጥቂት ለቃቀሙ። ሴቶቹ ግን ገበያ ላይ በጣት፣ ደጅ ላይ በፈገግታ ይግባባሉ፤ ሲጣሉም እያንዳንዷ በገዛ ቋንቋዋ ትሰድባለች። ስድቡ ተርጓሚ ስለሌለው ጠቡ አይከርም። ሰላም ማለት አንዳንዴ ይኸው ነው።

እትዬ ሜትር ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ይግባባል። አንድ መስኮት፣ ሁለት የእግር መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ቁመት ሙሉ መስታወት፣ ከጀርባው አረንጓዴ መጋረጃ። ሴቶቹ ከመጋረጃው ኋላ ሲገቡ እሷ በየቋንቋቸው የምትላቸው ያው ነው፤ "እጅሽን አንሺ። ዙሪ። ተንፍሺ። ያጠብቅሻል? የት ጋ? መቼ ነው የጀመረው?" በዚህች ቃል ስንት ሙሽራ ድራለች።

አንድ ቀን ጤና ጽሕፈት ቤቱ በሰፈሩ የጡት ካንሰር ግንዛቤ ማስጨበጫ አዘጋጀ። ግንዛቤ እንደ ዶሮ ክንፉ ተይዞ የሚጨበጥ ይመስል፣ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ። ለሴቶቹ ሮዝ ቲሸርት ታደለ፤ ሁሉም አንድ ቁጥር። ትከሻው ክርን ላይ የሚወድቅ፣ አንገቱ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነበር። እትዬ ሜትር ያንን አንገትጌ ስታይ ካንሰሩን ረስታ በሰፊው ተናደደች።

ኃላፊው አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። ታዲያ በዚያ ሁሉ ጊዜ "ጡት" የምትለዋ ቃል ከአፋቸው አልወጣችም። "ያ የሰውነት ክፍል" አሉ፤ "የተባለው አካል" አሉ፤ ሲደክማቸው "ከላይ የተጠቀሰው" አሉ። እጃቸውን ወደ ኮረብታው ዘርግተው ሲያበቁ የቆላዎቹ ሴቶች በጭብጨባ አቀለጡት። የውኃ ቧንቧ ቃል የተገባላቸው መስሏቸው ነው።

በመጨረሻ ወረቀት ታደለ። በአራት ቋንቋ የተጻፈ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት። የወንዝ ማዶውን ቋንቋ የተረጎመው "በእናቴ በኩል እችላለሁ" ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቱ በልጅነቱ ሳትሞትበት አልቀረችም። "እብጠት" የሚለውን ሲያይ ሰው አበጠ፣ ተነፋ፣ ተኮፈሰ የሚባለው ትዝ አለውና "ትዕቢት" ብሎ ጻፈው። ስለዚህ ወረቀቱ በወንዝ ማዶ ቋንቋ እንዲህ አለ፤ "በጡትሽ ውስጥ ትዕቢት ካገኘሽ፣ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።"

ከመካከላቸው ማንበብ የምትችለው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዲት የስድስት ልጆች እናት ደረቷን ቁልቁል አይታ፣ "ኧረ የኔስ አንገቱን ከደፋ ስንት ዘመኑ!" አለች። በማግስቱ ወረቀቱ ዳቦ ቤት ገብቶ ትኩስ ዳቦ ተጠቀለለበት። ግንዛቤውም በዚህ መልክ ቤት ለቤት ተዳረሰ።

እትዬ ሜትር አልሳቀችም ማለት ውሸት ነው፤ እንባዋ እስኪወርድ ስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ወረቀቱን ዳቦ አልጠቀለለችበትም፤ መሳቢያዋ ውስጥ ከቁልፎቹ ጋር አስቀመጠችው። ታላቅ እህቷ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው። እህቷ የቢሮውን ቋንቋ አሳምራ የምትናገር፣ የምትጽፍ፣ ፊደል የምታስቆጥር መምህርት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በነጠላዋ ሸፍና "ብርድ ነው" እያለች ኖረች። ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ፤ ዘመድ "ጊዜ ይፈታዋል" አለ። ጊዜም ፈታው። እህቷ ቋንቋ ሳይቸግራት ነው የሞተችው። ትታት የሄደችውን ልጅ እትዬ ሜትር አሳደገቻት፤ ዛሬ ፋብሪካው ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የነገር እንከንም አያመልጣትም።

ወረቀቱ በተበተነ በሁለተኛው ወር ጋጋሪዋ ወደ ክፍሉ መጣች። ጋጋሪዋ ከወንዝ ማዶ የመጣች፣ ክንዶቿ በምድጃ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ፣ ሳቋ ከዳቦ ቤቱ እስከ ፋብሪካው በር የሚሰማ ሴት ናት። ለትልቋ ልጇ ምርቃት የምትለብሰውን ቀሚስ ልታሰፋ ነው የመጣችው። እትዬ ሜትር ለካች፣ ቆረጠች፣ ሰፋች። ሲለበስ በግራ በኩል ቀሚሱ አልተኛም። ፈታ እንደገና ሰፋችው፤ አሁንም አልተኛም። "እጄን ምን ነካው?" ብላ የባለፈውን ዓመት ልክ ከደብተሯ አወጣች። ያኔ ቀኝና ግራው እኩል ነበር። አሁን ግራው ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ሸሽቷል።

"ቀሚሱን አውልቂው" አለቻት በወንዝ ማዶ ቋንቋ።

አወለቀች። የግራ ጡቷ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተቦርቡሯል፤ ጫፉም ወደ ውስጥ ገብቷል።

"ያማል?"

"አያምም" አለች ጋጋሪዋ፣ ኩራት በተቀላቀለበት ድምፅ። ችግሩም ይኸው ነበር።

"መቼ ነው የጀመረው?"

ጋጋሪዋ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባት ወር። እትዬ ሜትር ከዚህ በላይ ቃል አልነበራትም። መሳቢያዋን ሳበችና ወረቀቱን አውጥታ ሥዕሉን አሳየቻት፤ ከዚያ ጣቷን ወደ ደረቷ ቀሰረች። ጋጋሪዋ ወረቀቱን ስታውቀው ፈገግ አለች። "ትዕቢት?" አለችና መሳቅ ጀመረች። ከዚያ ቀና ስትል የእትዬ ሜትርን ፊት አየችው።

ጤና ጣቢያ ሲኬድ ባል መጠራቱ ግድ ነው፤ ባልም ቋንቋ ያውቃል። የጋጋሪዋ ባል የፋብሪካው ዘበኛ ነው። ለሃያ ዓመት የገባና የወጣውን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ የእሱ ይመስለዋል። "እትዬ፣ አንቺ አትልፊ። እኔ እጨርሰዋለሁ" አለ። ምርመራ ክፍል ሲገቡም የበሽተኛው ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነው።

ሲስተሯ ገና አዲስ የተመደበች፣ ጋዋኗ የሰፋት ልጅ ናት። "መቼ ነው የጀመራት?" ብላ ጠየቀች።

ዘበኛው ወደ ሚስቱ ዞሮ ሁለት ቃል ወረወረ። ጋጋሪዋ መናገር ጀመረች። እጇን አነሳች፣ ብብቷን ነካች፣ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች፣ አንዴ ድምፅዋ ተሰበረ፣ መልሳ ቀጠለች። ስትጨርስ ዘበኛው ወደ ሲስተሯ ዞረ።

"ደህና ነኝ ትላለች።"

"ይህን ሁሉ ተናግራ?"

"ሰላምታም አለበት።"

ሲስተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "እሺ፤ የወር አበባዋስ ቆሟል? ጠይቃት።"

ዘበኛው ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "እሱን እንኳ አልጠይቅም።"

"ሚስትህ አይደለችም እንዴ?"

"ሚስቴ ስለሆነች ነው እንጂ!"

ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው እትዬ ሜትር እስከዚህች ድረስ ታግሳ ነበር። ትዕግሥት ደግሞ እንደ ክር ነው፤ የቱ ጋ እንደሚበጠስ አይታወቅም። "ሲስተር" አለች፣ "ይህን ሰውዬ በር ላይ አቁሚልኝ። ሙያው እዚያ ነው።"

ዘበኛው እያጉረመረመ ወጣ፤ በሩንም ደህና አድርጎ ጠበቀ። እትዬ ሜትር ክፍሉ ውስጥ የተሰቀለውን ነጭ መጋረጃ ሳበች።

"እጇን ከፍ ታድርግ" አለች ሲስተሯ። እትዬ ሜትር ተናገረች፤ ጋጋሪዋ እጇን አነሳች። "ትዙር። በረጅሙ ትተንፍስ። እዚህ ጋ ያማታል? እዚህስ? ጎንበስ ትበል።" እትዬ ሜትር እየተቀበለች ስታስተላልፍ ቆየችና በድንገት ገረማት። አንድም ቃል አልጎደለባትም። የሐኪሙ ምርመራ የሚባለው ያ ሁሉ የሚፈራ ነገር፣ ቃል በቃል የእሷው የመጋረጃ ኋላ ሥራ ነው። ያንን የሚያብረቀርቅ ወረቀት የጻፉት ሊቃውንት አንዲት ሰፊ ቢጠይቁ ኖሮ ስንት ዳቦ ሳይጠቀለል በቀረ!

ሲስተሯ ጋጋሪዋ ብብት ሥር ሌላ እብጠት አገኘች። ወደ ሆስፒታል መላኪያውን ስትጽፍ ብዕሯ ወረቀቱን ሊበሳው ነበር።

ሆስፒታሉ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ጋጋሪዋ ባሏን ውጭ አስቀምጣ እትዬ ሜትርን ይዛ ገባች። ሐኪሙ መነጽሩን እያወለቀና እያደረገ አስረዳ። ካንሰር ነው፤ ጡቱ ከብብቱ እብጠት ጋር በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከዚያ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ፀጉሯ ይረግፋል፣ ተመልሶ ይበቅላል፤ አሁን ከተጀመረ የመዳን ተስፋ አላት። "ይህን ንገሪያት" አለ።

መንገር! እትዬ ሜትር በወንዝ ማዶ ቋንቋ ካንሰርን አታውቀውም። ተስፋ የሚለውንም አታውቀውም፤ ተስፋ ከአንገት በላይ ነው። እጇ ላይ ያለው መቅደድና መስፋት ብቻ ነው። በእሱው ጀመረች።

"እዚህ ጋ ጨርቁ ተበላሽቷል" አለቻት። "ቀደን እናወጣዋለን። ካልወጣ ሌላውን ይበላዋል። ከዚያ ይሰፋል።"

ጋጋሪዋ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ሌላው ጨርቅ ደህና ነው ወይ? ትላለች" አለች እትዬ ሜትር።

ስንት ዓመት የተማረው ሐኪም መነጽሩን ይዞ ቀረ። "እስካሁን ባየነው ደህና ነው፣ በያት።"

"እስካሁን ባየነው" የሚለውም ቃል አልነበራትም። "ዛሬ ደህና ነው" አለቻት።

"ቅደዱት" አለች ጋጋሪዋ። ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እትዬ ሜትር ያንን ጠባሳ የሞላው ክንድ ይዛ ተቀመጠች። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ቋንቋ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። እትዬ ሜትር ግን አንድ ሁለት ቃል ቢኖራት ምንኛ በወደደች።

ጋጋሪዋ ዳነች ለማለት ሐኪሞቹ ገና አምስት ዓመት ይቀራል ይላሉ፤ ጥንቁቆች ናቸው። እሷ ግን በስምንተኛው ወር ሻሿን አስራ ምድጃዋ ፊት ቆመች። እትዬ ሜትር የጡት መያዣ ሰፋችላት። መጀመሪያ ጥጥ ሞላችበት፤ ጥጡ ቀሎ፣ ጋጋሪዋ ሊጥ ስታቦካ ወደ አገጯ ወጣ። ቀጥሎ የታጠበ ማሽላ ሞላችበት፤ በምድጃው ሙቀት ቆሎ ሊሆን ምንም አልቀረው። በሦስተኛው ጥጥና ትናንሽ የብርጭቆ ዶቃ ቀላቅላ መጠኑን አገኘችው። ዘበኛውም አልቦዘነም። "ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ዓይኔ አያልፍም" እያለ በር ላይ ለገባ ለወጣው ያወራ ነበር። ሚስቱን ለመድኃኒት ሁለት አውቶቡስ እያቀያየረ ያመላለሳት፣ ባልዲ ይዞ ያደረው፣ ፀጉሯ ሲረግፍ የራሱንም የላጨው እሱ ነው፤ ይህን ግን ለማንም አላወራም። ሰው ሲባል የሚደብቀው አያልቅበትም።

ወሬው ከወንዝ ማዶ ሴቶች ወደ ቆላዎቹ፣ ከቆላዎቹ ከድንበር ወዲያ ወደመጡት በጣትና በምልክት ተሻገረ። ሴቶች ወደ ክፍሉ መጉረፍ ጀመሩ። ማንም ግን ለዚያ ነው የመጣሁት አትልም። አንዷ ቁልፍ ልታስተክል መጣች፤ በሳምንቱ ያንኑ ቁልፍ በጥሳ መጣች፤ በሦስተኛው ሸሚዙንም ረስታው መጣች። "ቁልፉስ?" አለቻት እትዬ ሜትር። ሴትዮዋ መጋረጃውን በዓይኗ አሳየቻት።

እትዬ ሜትር ድንበሯን ታውቃለች። "እኔ የምነካው ጨርቅ ነው" ብላ ሲስተሯን ለመነቻት። ሲስተሯም በየማክሰኞው ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከመጋረጃው ኋላ ትመረምር ጀመር። እትዬ ሜትር ከመጋረጃው ወዲህ ጀርባዋን ሰጥታ መኪናዋን እየረገጠች በአራት ቋንቋ "እጅሽን አንሺ" ትላለች።

ነገር ሲሠራ ቢሮ ይሰማል። ኃላፊው በአራተኛው ማክሰኞ መጡ።

"በየትኛው መመሪያ ነው ይህ የሚካሄደው?"

"በየትኛውም" አለች እትዬ ሜትር አፏ ውስጥ መርፌ እንደያዘች።

"እርስዎ የትርጉም ፈቃድ አለዎት?"

"የለኝም። መጋረጃ ነው ያለኝ።"

ኃላፊው ቅር ተሰኝተው ሄዱና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው አምስት ጊዜ ተሰብስቦ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሥራው "ጽሕፈት ቤቱ በቀየሰው ስልት" የተገኘ ውጤት መሆኑን በሪፖርት አረጋገጠ። አዲስ ወረቀትም ታተመ። ሲስተሯ ስለተጣላችላቸው፣ በዚህኛው ላይ ሴቶቹ ራሳቸው የነገሩት ቃል በየቋንቋቸው ገባ፤ ጡትም ጡት ተብሎ ተጻፈ። ኃላፊው የሁለት ገጽ መቅድም ጨመሩበት። ሴቶቹ መቅድሙን ለዳቦ፣ የቀረውን ለግድግዳ አደረጉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እትዬ ሜትር በቀኝ ጡቷ ጎን ከሽምብራ የምትበልጥ ነገር ይዛ ትዞር ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት። ሲስተሯ አንድ ማክሰኞ "እርስዎስ እትዬ፣ መቼ ነው የምንመለከትዎት?" ስትላት፣ "እኔ ስፌት ላይ ስለማጎነብስ ጅማት ነው" አለች። ሲስተሯ ሳትጠይቃት በፊት ስለ ጅማት መልስ ማዘጋጀቷ ለራሷም አልተሰማትም። በሌላው ሳምንት ሠርግ ደረሰብኝ አለች። በሌላው የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ። ሌሎቹ ሴቶች ሲሉት የምትቆጣበትን ሰበብ ሁሉ አንድ በአንድ ለራሷ ለካችው፤ ሁሉም ልኳ ነበር።

ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ አየቻት። እትዬ ሜትር በግራ እጇ ብረት ካውያ ታነሳለች፤ ቀኟን አታነሳም።

"እቴቴ፣ እጅሽን ምን ሆነሽ ነው?"

"ብርድ ነው።"

ልጅቷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። "እናቴም ብርድ ነው ነበር የምትለኝ።"

እትዬ ሜትር ካውያውን አስቀመጠች። ጨርቁ እንዳይቃጠል ማንሳቱን እንኳ ረስታ ነበርና የሰው ቀሚስ ብብት ላይ ቡናማ ምልክት ተወ። ብዙ ተናጋሪዋ ሴት፣ ባለ አራት ቋንቋዋ፣ "ፈርቼ ነው" አለች። ይህችን በራሷ ቋንቋ ለማለት አሥራ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል።

ልጅቷ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ይዛት ሄደች። ባሏም ሊቀር ፈልጎ ነበር፤ ኋላ ግን የሾፌር ኮፍያውን አጥልቆ ሳይጠሩት ተከተላቸው። ሐኪሙ ያው ባለ መነጽሩ ነበር። ዳሰሰ፣ በመሣሪያ አየ፣ ከዚያ በመርፌ ሳበው። መርፌው ውስጥ ቢጫ ውኃ ሞላ። "ውኃ የቋጠረ ነው" አለ። "ክፉ አይመስልም፤ ለማረጋገጥ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሽ።"

"ውኃ?" አለች እትዬ ሜትር።

"ውኃ ነው።"

"አሥራ አንድ ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት ለውኃ ነው?"

"በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጪ ለአሥሩ ትተኚ ነበር" አለ ሐኪሙ።

በኮሪደሩ ስትወጣ እህቷ ትዝ አለቻትና ግድግዳ ይዛ ቆመች። ልጅቷ፣ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ቦርሳዋን ያዘችላት። ባሏ ኮፍያውን አውልቆ ሲያገላብጥ ቆየና፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በስሟ ጠራት።

እቤት ሲደርሱ ያቺ ቀሚሷ በካውያ የተቃጠለባት ሴት፣ ከድንበር ወዲያ የመጣችው፣ ጠዋት የወሰደችውን ቀሚስ ክንዷ ላይ ጥላ፣ ወገቧን ይዛ ደጅ ላይ ትጠብቅ ነበር። እትዬ ሜትርን እንዳየች ቀሚሱን ከፍ አድርጋ፣ ቡናማውን ምልክት በጣቷ እየወጋች፣ በቋንቋዋ አንድ ረጅም ንግግር አወረደችባት። እትዬ ሜትር ከንግግሩ "ብብት" የምትለዋን ቃል ብቻ ለየች።

"እውነትሽን ነው" አለቻት በራሷ ቋንቋ፤ በሩንም ከፍታ አስገባቻት።